የቱርዱካን ኤጄ ሙታን

ዛሬ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኞ፣ ጁን 3 ቀን 2019 ነው። ሙሉ ስሜ ቤይሸን ካልማት ኡሉ ይባላል። በመንደራችን ትምህርት ቤት የበር ዘበኛና የቀሪ መዝገብ ያዥ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከዚህ በታች ያለውን ማን እንደ ተናገረ ኋላ ክርክር እንዳይነሣ ነው።

ትምህርት ቤት ባለበት አገር ሁሉ ዘመዱን የሚገድል ሰው አይጠፋም። የሚገድለው በቢላዋ አይደለም፤ በደብዳቤ ነው። ልጁ ከክፍል በቀረ ቁጥር አንድ አጎት ይሞታል፣ አንዲት አክስት ከደረጃ ትወድቃለች፣ ከዚያ ቀደም ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ የሩቅ ዘመድ በድንገት ሚስት ያገባል። ይህ ዓይነቱ ሰው በእናንተም ሰፈር አለ። ካላገኛችሁት ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ክብርት ቱርዱካን ናቸው። መንደሩ «ኤጄ» ይላቸዋል፤ ታላቅ እኅት ማለታችን ነው፤ ታላቅ ወንድም ሲሆን «አኬ» እንላለን። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ወንድ ልጃቸውና ምራታቸው ሞስኮ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናሉ። እሳቸው ስድሳ ሁለት በጎች፣ አንድ የታመመ ዳሌና አንዲት የልጅ ልጅ ይዘው ቀርተዋል። የልጅ ልጃቸው ኡልጃን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተናውን ካለፈች ናሪን ከተማ ሄዳ ነርስነት ለመማር አስባለች።

የትምህርት ቤታችን ደንብ አጭር ነው። የቀረ ተማሪ ደብዳቤ ያመጣል። ደብዳቤው እውነት ከሆነ ቀኑ «በምክንያት» ከሚለው ሥር ይመዘገባል፤ ሐሰት ከሆነ «ያለ ምክንያት» ከሚለው። በዓመቱ ያለ ምክንያት ከሠላሳ ቀን በላይ የቀረ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። ይህን ሥራ ቀድሞ የሚሠሩት የክፍል አስተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን በመንደራችን አስተማሪው ሁሉ ከወላጁ ሁሉ ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ስለሆነ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያለ ምክንያት የቀረ ልጅ አንድም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ርዕሰ መምህርቷ ሳልታናት ማንንም የማያምን ሰው ፈለጉ፤ እኔን አገኙ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር ያያል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የደረሰኝ በመጸው፣ ድንች በሚወጣበት ሳምንት ነው። በላይኛው መንደር የሚኖረው የኡልጃን አጎት ጁማዲል በጥርስ ሕመም ስለ ተያዘ፣ ልጅቷ አራት ቀን አስታምማዋለች ይላል። ፈረሴን ጭኜ ሄድኩ። ጁማዲልን በተባለው ጥርስ አጥንት ሲግጥ አገኘሁት። አራት ቀን፣ ያለ ምክንያት።

በጃንዋሪ በረዶ መንገድ ዘጋ የሚል መጣ። የዳቦው መኪና ግን በሰዓቱ ደርሶ ነበር። በዱላዬ ለካሁና ቱርዱካን ኤጄን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«ኤጄ፣ በረዶው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ለክቼዋለሁ።»

«የማንን ቁርጭምጭሚት?»

«የራሴን።»

«አንተ ግመል ነህ፣ ወንድሜ። የግመል ቁርጭምጭሚት ለልጅ ጉልበት ነው።»

ጥርስና በረዶ እንደማያዋጣ ሲያዩ ወደ ሞት ዞሩ። በእኛ ዘንድ ሰባት አባቱን በስም የማይቆጥር ሰው ከሰው አይቆጠርም። ሌላው ሰው ይህን ለክብር ይይዘዋል፤ ክብርት ቱርዱካን ግን ለአቅርቦት ይዘውታል። ሰባት አባት፣ እያንዳንዱ ከነወንድሞቹ፣ ወንድሞቹ ከነልጆቻቸው። ይህ የማይነጥፍ ጎተራ ነው። በግ ሲወልድ አንድ ሰው ይሞታል። ጸጉር ሲሸለት ሌላ ይሞታል። በዓመቱ በሁለቱ መንደሮች የሞተው ሰው አራት መሆኑን መቃብር ሄጄ አረጋግጫለሁ፤ በኤጄ ደብዳቤ የሞቱት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙም አንዱ ጉዳዩ ለብቻው ነው።

«ኤጄ፣ ይህ ሰውዬ ከሞተ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ለአንተ ነው እንጂ ለእኔ ዛሬም ትኩስ ነው።»

«ሲሞት እርስዎ አልተወለዱም።»

«እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ። ሳላየው ሄደ።»

ክርክሩ በዚህም ሆነ በዚያ ይሂድ፣ መዝጊያው አንድ ነው። ሻሻቸውን ያጠብቃሉ፣ ዳሌያቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያም «ሰው ይሞታል፤ ትምህርት ቤት የትም አይሄድም» ብለው ይሄዳሉ። ይህን በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ። መዝግቤዋለሁ።

ስለ ደብዳቤዎቹ አንድ ነገር ልመስክር። ጽሑፋቸው ያማረ ነበር። መስመሩ የተስተካከለ፣ ሥርዓተ ነጥቡ በቦታው፣ ሐዘኑም በልክ ነው። የኤጄ መነጽር ከተሰበረ ሁለት ዓመት ስለሆነው ማን እንደሚጽፍላቸው ጠረጠርኩ። ከኡልጃን ደብተር ጋር አስተያየሁት፤ እጁ አንድ ነው። ልጅቷ የራሷን መቅረት ራሷ ትጽፍ ነበር፣ አንድ የፊደል ስሕተት ሳይኖርባት። የቋንቋ አስተማሪው አንዱን ደብዳቤ ወስዶ ለሰባተኛ ክፍል የአጻጻፍ ምሳሌ እንዳደረገው የሰማሁት ኋላ ነው።

ሜይ ሲገባ ኡልጃን ያለ ምክንያት የቀረችው ቀን ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ኤጄን ጠርቼ መዝገቡን አሳየኋቸው።

«አንድ ቀን ብቻ ናት ያለቻት፤ ሁለተኛዋ ከፈተናው ታስወጣታለች። ከእንግዲህ ማንም እንዳይሞት።»

«ይኼን ለእኔ ነው የምትነግረኝ ወይስ ለእግዜር?»

«ለእርስዎ። እግዜር ደብዳቤ አይልክብኝም።»

ማክሰኞ፣ ሜይ 14 ቀን ጠዋት፣ ራሳቸው ደብዳቤ ይዘው መጡ። «የኡልጃን አጎት ጁማዲል ከዚህ ዓለም በሞት ስለ ተለየ፣ ልጅቷ ማክሰኞና ረቡዕ ለቅሶ ላይ ናት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ይሄ የጥርሱ ጁማዲል ነው?»

«ነፍሱን ይማር።»

«ሄጄ አያለሁ።»

«እይ እንጂ» አሉኝ። «ብቻ የቀሪ መዝገብ ይዞ ለቅሶ የሄደ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንተ ጀምረው።»

ረቡዕ ጠዋት ፈረሴን ጫንኩ። ላይኛው መንደር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። መንገድ ላይ አንድ ችግር ታየኝ። በእኛ ወግ ወደ ሟች ቤት የሚሄድ ወንድ ከሩቅ ጀምሮ ጮክ ብሎ እያለቀሰ ነው የሚደርሰው። ዝም ብሎ የደረሰ ሰው ሟቹን ንቋል ይባላል፤ ነውሩም ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ጁማዲል ሞቶ ከሆነ ማልቀስ አለብኝ። ካልሞተ ማልቀስ የለብኝም። መሞቱን የማውቀው ግን ከደረስኩ በኋላ ነው። ክብርት ቱርዱካን ይህን አስበውበታል።

መታጠፊያው ላይ ስደርስ ግቢው ታየኝ። መካከሉ ላይ ክብ የሱፍ ድንኳን ተተክሏል። በአገራችን አስከሬን የሚያርፈው እንዲህ ባለ ድንኳን ነው። ሦስት ፈረሶች ታስረዋል፣ ሴቶች ይወጣሉ ይገባሉ፣ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ማስረጃው በቂ ነው አልኩና ከፈረሴ ወረድኩ። ወጉ እንደሚያዘው ወገቤን ይዤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ጀመርኩ።

«ወይኔ ወንድሜ፣ ተደግፌህ የኖርኩ ተራራዬ፣ ዛሬ ምን ልደገፍ።»

ጁማዲልን ያን ያህል አልወደውም። ወግ ግን ወግ ነው።

አሁን ከወዲያ በኩል ያለውን ተመልከቱ። በሰላም ሥራ ላይ ያለ ቤተሰብ ወንድ እያለቀሰ ወደ በሩ ሲመጣ ካየ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞቶብናል፣ ይህም መርዶ ነጋሪው ነው። ሴቶቹ የያዙትን ጥለው በለቅሶ ተቀበሉኝ። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ወንድ እየጮኸ ወጣና አንገቴን አቀፈኝ። ዓይኔ መሬት ላይ ስለ ነበረ ማን እንደሆነ አላየሁም። ትከሻ ለትከሻ ሆነን ረጅም ጊዜ አለቀስን። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንባ መጣልኝ።

ከዚያ ሰውዬው ጆሮዬ ሥር፣ «ቤይሸን፣ ማን ነው የሞተብን?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ?»

«ትናንት።»

ጁማዲል ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ አሰበ። «ማን ነገረህ?»

«ቱርዱካን ኤጄ። በጽሑፍ።»

«አሃ። በመጸው ጥርሴን ብቻ ነበር። አሁን ጠቅልላ ጨረሰችኝ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «በቃ ተዉት፣ የሞትኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» አለችው ሚስቱ። «ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ እኮ።»

ድንኳኑ የተተከለው ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ወደ በጋው ግጦሽ ከመውጣታቸው በፊት የተቀደደውን ሱፍ ለመስፋት ኖሯል። ገመዱን ጫፉ ላይ ወጥቶ የሚያስር ቀላል ሰው ያስፈልጋል። ኡልጃን እላይ ነበረች። ገመዱን እንደያዘች ቁልቁል ታየናለች።

ወረደችና ፊቴ ቆመች። «ቤይሸን አኬ፣ ይጻፉት። ሠላሳ አንድ ነው። እኔም ስቆጥር ነበር።»

«ደብዳቤውን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ። አያቴ «ታመመ በይ» ብላኝ ነበር። ታመመ ካልኩ ሊጠይቁት ይሄዳሉ ብዬ ገደልኩት።» ከንፈሯን ነከሰች። «ድንኳኑ ሳይሰፋ ከወጣን ዝናብ በአያቴ ዳሌ ላይ ነው የሚወርደው። ነርስ መሆን ለከርሞም ይደርሳል።»

ለከርሞ የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ልሄድ ተነሣሁ። የጁማዲል ሚስት ግን መንገዱን ዘጋችው።

«ለለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም።»

«ሟች ከሌለ ለቅሶ የለም» አልኳት።

«ሟቹማ አለ፤ ይኸው ከጎንህ ይበላል።»

በላሁ። ሥጋው ጥሩ ነበር።

ስመለስ ወደ ትምህርት ቤቱ በር አልሄድኩም። የትምህርት ቤቱ መጋዘን ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ ገባሁና የድሮ መዝገቦችን አወረድኩ። የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንዱን አገኘሁት። አራተኛ ክፍል፤ ቤይሸን፣ የካልማት ልጅ። ቀሪ አርባ ሦስት ቀን። ያን ክረምት አባቴ ለበጎች ወስዶኝ ነበር። «ምክንያት» ከሚለው ሥር የተጻፈ ነገር የለም፤ ከአርባ ሦስተኛው ቀን በኋላ በስሜ ላይ መስመር ተሰምሯል። ሰባት አባቶች ነበሩኝ፣ ከነወንድሞቻቸው። ለእኔ አንድም ሰው አልሞተልኝም።

በዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ሜይ 14 እና 15። በምክንያት። በላይኛው መንደር፣ በጁማዲል ግቢ ለቅሶ ነበር። ሄጄ አጣርቻለሁ።»

ርዕሰ መምህርት ሳልታናት ዓርብ ዕለት ጠሩኝ።

«ቤይሸን አኬ፣ ጁማዲልን ትናንት ገበያ ላይ አየሁት። ቅንጣት ሳይቀር የምትለቅም ሰው እንዴት ይሄ አመለጠህ?»

«ሞቷል የሚል አልጻፍኩም። ለቅሶ ነበር ነው ያልኩት።»

«ማን አለቀሰ?»

«እኔ።»

ፊቴን ትኩር ብለው አዩ። ይህን መንደር ያውቁታል፤ እኔንም ያውቁኛል። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ፈረሙ። ሃያ ዘጠኝ ሃያ ዘጠኝ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ የፈተናው ቀን ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ክብርት ቱርዱካን ቀድመውኝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ኡልጃን ሰላም ብላኝ ገባች። ኤጄ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ቤይሸን፣ ጁማዲልን አስለቀስከው አሉ።»

«እርስዎ ገደሉት።»

«ደህና ታለቅሳለህ ብሏል። ሲሞት አንተን ጥሩልኝ አለ።» ሻሻቸውን አጠበቁ። እኔም አሥራ አምስተኛውን ለመመዝገብ ብዕሬን አወጣሁ።

«ዛሬ ማንም አይሞትም» አሉ። «ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

ያሉኝን ሁሉ እንደማላምን ይታወቃል። በሩን ለእሳቸው አደራ ሰጥቼ፣ ይህንም በሥራ ዘመኔ ለማንም አድርጌ አላውቅም፣ በጓሮ ዞሬ በፈተናው ክፍል መስኮት አየሁ። ሃያ ሦስት ወንበር አለ። ሃያ ሦስት ተማሪ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።