ዜና ማጠንጠኛ፤ ባለ ቁልፉ ክራቸውን ያስረዘሙበት

በዘመነ ፍሳሽ፣ ማለትም ጣራው በመኝታ ቤቱ በኩል ማፍሰስ በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ ባለቤታቸው ባለ ሁለት ዓይኑን ምድጃ ባስገቡ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ እሑድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ የቀለም መጋዘኑ ባለ ቁልፍ፣ የአሥራ ሁለት በር ከፋች፣ የአንዲት ድመት ጌታ፣ በግድቡ ግንብ ላይ ተሰደቡ። የሰደባቸውም የሰፈሩ መድኃኒት ሻጭ ነው። በቦታው የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ሰባቱ ሳቁ፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዱ ግን ሳቁን በሳል ሸፈነ፤ የዚህኛው በደል ከሰባቱ ይልቅ ተጽፎ ይቀመጥለታል።

ነገሩም እንዲህ ነበር። ባለ ቁልፉ ከሟች አጎታቸው የወረሱትን የነሐስ ማጠንጠኛ በዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው ላይ አስረው፣ መንጠቆአቸውን ወደ ውሃው ወርውረው በትዕግሥት ቆመው ሳሉ፣ አንዳች ኃይል ክሩን ይዞ ነጎደ። ማጠንጠኛውም እየጮኸ ሰማንያ ሜትር ክሩን ለቀቀ፣ ለቀቀና ባዶውን ቀረ፣ ባዶውን ቀረና ጧ አለ፤ መንጠቆም ክርም ጠፉ። ያን ጊዜ መድኃኒት ሻጩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይህን አዋጅ አስነገረ፦ "ጥጃ የሚያህል ዓሣ ነበር፣ በዚህ በዓይኔ አየሁት! ምን ያደርጋል፣ የጋሼ ነገር መቼም መንገድ ላይ ያልቃል። ትምህርቱ ስድስተኛ ላይ አለቀ፣ ክሩ ሰማንያ ላይ አለቀ!"

ባለ ቁልፉም ከስድስተኛ የወጡት አባታቸው አልጋ ላይ ስለ ዋሉ መሆኑን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል ግን አልመጣም። መልሱ የመጣው ቤት ደርሰው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው። ለመልስ ደግሞ ያ ሰዓት ጅብ ከሄደ የሚጮኹበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መልሱን በመጋዘኑ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉት፤ ሰረዙት፤ ደግመው ጻፉት፤ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ አሻሽለው፣ አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የወሰዳቸው ለወጉ ያህል ነው።

ወእምዝ፣ ዓመቱ ሊዞር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በወጥ ቤቱ መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ "ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚያልቅ ክር የለም!" ባለቤታቸውም ከምድጃው ዙፋን ሆነው የአጸፋ አዋጅ አወጡ፦ "ዘይት ግን አልቋል፤ እግረ መንገድህን እሱንም አውጅልኝ።"

ማጠንጠኛውም በጠረጴዛው ላይ ተፈታ። ክሩ የሚጠቀለልበት ከበሮ እምብርቱ ላይ ጡጫ የሚያህል ቡሽ ተጣብቆበት ተገኘ፤ በአጎታቸው ዘመን ክሩ አጭር ስለ ነበር፣ ከበሮው የጠገበ እንዲመስል ግማሽ ሆዱን በቡሽ ሞልተውት ኖሯል። ባለ ቁልፉ ይህን ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ፤ ቦታው እያለ ቦታ የለም መባልን እርሳቸው ያውቁታልና፤ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይም እንዲሁ ነበር የተባሉት። ስለዚህ በቡሹ ላይ ዘመቱ። በቢላዋ ቆረጡት፣ በምስማር ፈለፈሉት፣ ሙጫውን በሙቅ ውሃ አራሱት፤ በሦስተኛው ቀን ቡሹ ፍርፋሪ ሆኖ እጅ ሰጠ፣ ነሐሱም እንደ አዲስ አበራ።

ክር ለመጠቅለል የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው፦ ባለቤታቸው፣ የምድጃዋ እመቤት፤ የባለቤታቸው ወንድም፣ ቆሞ በማንቀላፋቱ "ሐውልቱ" የተባለው፣ አዲስ የተገዛውን የክር ድውር በእርሳስ ላይ ሰክቶ የያዘ፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ቆንጥጣ የምታሳልፍ፤ ድመቲቱም፣ ከማን ወገን እንደ ሆነች ያልታወቀች። ክሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ከቀድሞው በግማሽ የቀጠነ፣ ርዝመቱም ሦስት መቶ ሜትር ነው። ከመንጠቆው በኩል ሰማንያ ሜትር በሚሞላበት ቦታ ላይ፣ ያ የውርደት ድንበር እንዳይረሳ፣ በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አደረጉበት።

ነገር ግን ድል ሲቀርብ መከራ ይቀድማል። ሐውልቱ የክሩን ጫፍ ይዞ ሳብ ባደረገ ጊዜ፣ ከበሮው ቆሞ ሳለ ክሩ ሁሉ በአንድነት በነሐሱ ላይ ተንሸራተተ፤ እጀታውን ሲያዞሩት ደግሞ ከበሮው ብቻውን ይዞራል፣ ክሩ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ያያል። ባለ ቁልፉ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው አወጁ፦ "ልሙጥ ብረት ላይ አስረኸው ምን ቆንጥጦ ይያዘው? ሥሩን ፕላስተር አልብሰው እንጂ፣ አንተ ሰው!"

ፕላስተር ግን በሰፈሩ ከመድኃኒት ሻጩ ዘንድ በቀር አይገኝም። ባለ ቁልፉ ሁለት ቀን ተከዙ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ተረከዛቸው የተሰነጠቀ መስለው፣ እያነከሱ ወደ ጠላት ከተማ ወረዱ፣ ፕላስተሩንም ይዘው ሳያነክሱ ተመለሱ። ሻጩ "ለጋሼም ሰላም በይልኝ" ማለቱ ተሰማ፤ ይህም እንደ ሁለተኛ ስድብ ተመዘገበ። ክሩ ተፈትቶ፣ እምብርቱ ፕላስተር ለብሶ፣ እንደ ገና ተጠቀለለ። ሐውልቱ ሳበው፤ አልተንሸራተተም። ሐውልቱ በሁለት እጁ ሳበው፤ ጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ እንጂ ክሩ አልተንሸራተተም።

ዓመቱም በዞረ በዕለተ እሑድ፣ ባለ ቁልፉ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ግድቡ ወጡ። ዘጠኙ ሰዎች ነበሩ፤ መድኃኒት ሻጩም ነበረ። መንጠቆውን ወረወሩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አንዳች ኃይል ክሩን ይዞ ነጎደ! ማጠንጠኛው ጮኸ፣ ዘንጉ ጎበጠ፤ ሃያው ሄደ፣ ሃምሳው ሄደ፣ ቀዩ ምልክት ከከበሮው ወጥቶ እንደ ተርብ በውሃው ላይ በረረ። መድኃኒት ሻጩ ተነሥቶ ቆመ። መቶው ሄደ፣ ሁለት መቶው ሄደ፤ የሚስቅ ጠፋ፣ ያ ባለ ሳሉም አልሳለም። ድንገትም ኃይሉ ቆመ።

በማዶው ዳርቻ መንገደኛ የምታሻግረው ጀልባ ተጠግታ ነበር። እርሷ እሑድ እሑድ በዚሁ ሰዓት ከግንቡ ሥር ትነሣለች፣ በጎኗም አሮጌ ጎማዎች ተንጠልጥለዋል። ጀልባ ነጂው አጎንብሶ ጎማውን አየና፣ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ወደ ወዲህ አወጀ፦ "ኧረ ጀልባዬን ያጠመደው ማነው? መንጠቆው ጎማዬ ላይ ነው! የአምናውም ከነክሩ እዚሁ ተሰክቷል፤ የማን እንደ ሆነ ጠፍቶኝ ነው!"

ስምንቱ ሳቁ፤ ዘጠነኛውም ሲስቁ አይቶ ሳቀ። መድኃኒት ሻጩ ሆዱን ይዞ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረ፦ "ጋሼ፣ ጥጃዎ ስንት ሰው ይጭናል?"

ባለ ቁልፉም እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። አምና ጥጃ በዓይኑ ያየው ማን እንደ ነበር መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አሁን ቃሉ ሳይዘገይ መጥቶ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቆሟል። ነገር ግን ዝቅ ብለው ከበሮውን አዩ። ክሩ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በነሐሱ ላይ ገና አንድ ጣት ውፍረት ተርፎ ነበር። ጀልባ ነጂው መንጠቆውን ነቅሎ ለቀቀላቸው፤ እርሳቸውም እጃቸውን ባዶውን ከኪሳቸው መልሰው ማጠንጠን ጀመሩ። ሰው ሁሉ መልሳቸውን እየጠበቀ ቆመ፤ መጠበቁም ረዘመ፣ ክሩ ረጅም ነዋ። ቀዩ ምልክት ተመልሶ ገባ፣ መንጠቆው እየተንጠባጠበ ወጣ፣ ፕላስተሩም ንቅንቅ አላለም። ከዚያም ወረቀቱን ከኪሳቸው ሳያወጡ ዘንጋቸውን በትከሻቸው አኖሩ፣ በሻጩ ፊት አልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ውዳሴ ለባለ ቁልፉ ይሁን፤ ቡሽን ለፈነቀሉ፣ ነሐስን ፕላስተር ላለበሱ፣ ጀልባን ከነሕዝቧ ላጠመዱ፣ ውሃን ከዳር እስከ ዳር በክር ለለኩ፤ ክሩም ሳያልቅባቸው፣ መልሱም ሳያልቅባቸው፣ ዝም ብለው ለሄዱ።