የአራት አንድ ክብር

አገር በታላላቅ ሰዎች ትከሻ ላይ እንደሚቆም የታወቀ ነው። ቡራዩ ግን የቆመችው በአቶ ገብረየስ መኪና ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ቢያንስ አቶ ገብረየስ እንዲህ ያምኑ ነበር። ቁጥሩ 1111 ነው። ሰዉ በስማቸው ፈንታ «አራት አንድ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ይህን ቁጥር ያገኙት በብዙ ጥረት መሆኑን ለሚሰማቸው ሁሉ ይናገራሉ። ጥረታቸው ሰሌዳ በሚታደልበት ዕለት ተሰልፈው መቆማቸው ነበር።

መኪናዋ ከእሳቸውና ከባለቤታቸው በቀር ሰው አሳፍራ አታውቅም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሴት ምጥ ይዟት ቢለመኑ፣ ወንበሩ እንዳይበላሽ ብለው ባጃጅ በስልክ ጠርተውላታል። ደግነታቸው በሰፈሩ እስከ ዛሬ ይወራል።

ታዲያ ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነና አሮጌዋን ለኦቦ ቦሩ ሸጡ። ኦቦ ቦሩ የዶሮ መኖ ነጋዴና የእድራቸው አባል ናቸው። ሁለቱ ስም ለማዛወር ትራንስፖርት ቢሮ ሄዱ። አቶ ገብረየስ የሽያጭ ውሉን በመስኮቱ አቀበሉና ቁጥራቸው ወደ አዲሷ መኪና እንዲዛወር፣ ለኦቦ ቦሩም የተገኘው ሌላ ቁጥር እንዲሰጥ አዘዙ።

«አባቴ፣ እኛ የምናዛውረው ስም ነው» አላቸው የመስኮቱ ሠራተኛ የሺጥላ። «ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ይሄዳል።»

«ኮድ ሁለት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ኮድ ሁለት ማለት ምን ማለት ነው?»

«የግል።»

«በቃ፤ የግል ከሆነ የግሌ ነው።»

የሺጥላ ትንሽ አሰበ። «የግል የተባለው መኪናው ነው፣ አባቴ። ታክሲ አይደለም፣ የመንግሥትም አይደለም ለማለት ነው።»

አቶ ገብረየስ ወደ ኃላፊው ገቡ። ኃላፊው በጥሞና አዳመጧቸው፤ ጥያቄው ከመልካም አስተዳደር አኳያ ተገቢ፣ ከባለጉዳይ እርካታ አኳያ ወቅታዊ፣ ከአሠራር አኳያ ግን የማይቻል መሆኑን አብራርተው እስከ በሩ ሸኟቸው። አቶ ገብረየስ በአሸኛኘቱ እጅግ ተደሰቱ። የተከለከሉ መሆናቸው የገባቸው ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ነው።

ሽያጩን ላፍርሰው ቢሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ አልሰማም አሉ። «ለቁጥር ብለህ ሁለት መኪና ልታቆም ነው? ልብስ የት ላሰጣ?» አሉና ጉዳዩን ዘጉት። ስሙ ወደ ኦቦ ቦሩ ተዛወረ።

አዲሷ መኪና አምስት የማይስማሙ አኃዞች ተለጠፉባት። ድሮ ከሩቅ አይቷት በር የሚከፍተው የሆቴል ጥበቃ አሁን መስታወት አስወርዶ «ወዴት ነው?» ይላቸው ጀመር። ሰውየው ያው፣ ፊቱም ያው፤ ጥበቃው ግን ፊታቸውን አይቶት አያውቅም ነበር። በዚህ ተቃጥለው በኋላው መስታወት ላይ 1111 ብለው በትልቁ አስጻፉ። ሰዉ የሎተሪ አጭር ቁጥር መስሎት መልእክት ይልክበት ገባ፤ አንዱማ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ መንገድ ላይ አስቁሞ ጠየቃቸው።

አሮጌዋን መኪና ደግሞ በየቀኑ ያዩዋታል። የመኖ ጆንያ ተጭኖባት፣ በላዩ የእድሩ ድንኳን ብረት ታስሮባት፣ ከፊት ወንበር የታመሙ ባልቴት ተቀምጠውባት ስታልፍ አንጀታቸው ያርራል። ኦቦ ቦሩ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ገብረየስ» ይላሉ። አቶ ገብረየስ ሰላምታውን የሚመልሱት ለሰሌዳው ነው።

አንድ ተስፋ ቀርቷቸው ነበር፤ የእድሩ ሰብሳቢነት። ሲመኙት የኖሩት ወንበር ነው። ያን ካገኙ ጥበቃውም ቢሮውም ማን መሆናቸውን ያውቃል። ጸሐፊው ባርናባስ የዕጩውን ስም እንዴት ልመዝግብ ቢላቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ገብረየስ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ስላለ ከእሱ ጋር መምታታቱን ፈሩ። «ሕዝብ በሚያውቀኝ ይሁን» አሉት። ባርናባስም እንደታዘዘው አደረገ።

እሑድ አባላቱ ተሰበሰቡ። አቶ ገብረየስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ።

«ለሰብሳቢነት የቀረቡት አንድ ዕጩ ናቸው፤ አራት አንድ» አለ ባርናባስ። «የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

ያልወጣ እጅ አልነበረም። አንዳንዱ ሁለቱንም አወጣ። አቶ ገብረየስ ሕዝቡ ይህን ያህል እንደሚወዳቸው አያውቁም ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የራሳቸውንም እጅ ከፍ አድርገው ተነሡ። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት…» ብለው ጀመሩ።

ከኋላቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ተስፋነሽ የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ። አራት አንድን ጋረዱብን።»

ዞር ሲሉ ሰዉ ኦቦ ቦሩን እየገፋ ወደ ፊት ያመጣቸዋል። ባልቴቶቹ እልል ይላሉ። ኦቦ ቦሩ፣ መኖ ሲያራግፉ ቆይተው የመጡ ናቸውና፣ ካፖርታቸውን እያራገፉ «እኔ? ኧረ እኔ አልችልም» ይላሉ።

ባርናባስ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ ፊተኛው ረድፍ ተመለከተ። የአቶ ገብረየስ እጅ እንደተሰቀለ ነው።

«ጋሼ ገብረየስ፣ እጅዎ የድጋፍ ነው ወይስ የተቃውሞ?»

አቶ ገብረየስ እጃቸውን አዩት፤ ሕዝቡን አዩት።

«የድጋፍ» አሉ።

ባርናባስም «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ።