አጎት ኦርቪልን ከወንበራቸው የምታስነሣዋ ሴት

የአባቶቹን ወግ ለልጆቹ ማውረስ በሚፈልግ ሕዝብ ዘንድ ሁሉ አንዲት ሴት አለች። ሹመቷ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ሥራዋ ግን አንድ ነው፤ አርፈው የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ከወንበራቸው ማስነሣት። ክንዷ ሥር ክላሰር አይጠፋም። አንዱ መነጽር ዓይኗ ላይ ነው፣ ሌላው ፀጉሯ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እየፈለገችው ነው። ሲደወልላት አታነሣም፤ እሷ ደውላ ያላነሣላት ሰው ግን ቤቱ ድረስ ትመጣበታለች። እሷ ባትኖር ኖሮ የዓለም ሽማግሌዎች በሙሉ ምሳ በልተው ጋደም ማለት ይችሉ ነበር።

አላስካ ውስጥ፣ ሃርሎ በምትባለው፣ ትሊንጊት የሚባል ነባር ሕዝብ በሚኖርባት ደሴት፣ ይህች ሴት ሮዌና ማርቪን ናት። ሙሉ ማዕረጓ «የቅርስ ቤቱ የትምህርት ፕሮግራሞች ሥራ አስኪያጅ» ነው። ቅርስ ቤቱ የደሴቲቱ ነዋሪዎች ማኅበር ንብረት ነው፤ ሠራተኞቹም ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ጸሐፊዋና ማሞቂያውን የሚጠግነው ሰው። ክብርት ሥራ አስኪያጇ ከሥሯ የምታዘው ሰው ስለሌላት ደሴቲቱን በሙሉ ታዛለች።

ይህን ከአጎት ኦርቪል ዊላርድ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃሊበት የሚባለውን፣ እንደ በር የሰፋ ጠፍጣፋ ዓሣ ስልሳ ዓመት ሲያጠምዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጀልባቸውን ለእህታቸው ልጅ አስረከቡና መስኮት ሥር ተቀመጡ። ዕቅዳቸው ብዙ አልነበረም። ጠዋት ባሕሩን ማየት፣ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የቅርጫት ኳስ ማዳመጥ፣ በመሐል በጢስ የደረቀ ሳልመን ዓሣ መቆርጠም። በዚህ ዕቅድ አሥራ አንድ ቀን ኖሩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።

«አጎቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» አለች ሮዌና።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥሩ ደቂቃ እስካሁን አላለቀም።

በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ኦርቪል በሳምንት ሁለት ቀን ለልጆች ቋንቋ አስተምረዋል፣ የዛፍ ሥር ተሰንጥቆ እንዴት ገመድ እንደሚሆን አሳይተዋል፣ ዝናብ በሚያስገባ ድንኳን ውስጥ ሦስት የበጋ ካምፕ ተቀምጠዋል። አንድ ቀን የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ክሊኒክ ወረፋ ይዘው ሳለ፣ ሮዌና አምስት ተማሪዎች አስከትላ ገባች።

«ዝም ብለው ከሚቀመጡ ብዬ ነው» አለች።

የዚያ ቀን ትምህርት የሰውነት ክፍሎች ስም ነበር። ነርሷ መለኪያውን ስትጠመጥምላቸው አምስቱ ልጆች በአንድ ድምፅ «ክንድ» የሚለውን ቃል በትሊንጊት ቋንቋ ይሉት ነበር። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የቅርጫት ኳሱ የፍጻሜ ጨዋታ ነው ብለው በራቸውን ቆለፉ፤ መጋረጃውንም ጋረዱ። ሮዌና አላንኳኳችም። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ያንኑ ጨዋታ በሬዲዮ ስትከታተል ቆየች፤ ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሲወጡ በሩ ላይ ነበረች። ኦርቪል ከዚያ ወዲህ በር መቆለፍ ተዉ።

ቅጾቿ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው።

«አጎቴ፣ የትምህርቱ ዓላማ በሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ሃሊበት።»

«ዓላማው ነው ያልኩት።»

«እኮ። ሃሊበት መያዝ።»

«እሺ። ትምህርቱን ሲጨርሱ ተማሪዎቹ ምን ማድረግ ይችላሉ?»

«መብላት።»

ጻፈችው። ሮዌና የተነገራትን ሁሉ ትጽፋለች። በዓመቱ መጨረሻ ላይ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ፕሮግራሙን ከአምስት ነጥብ እንዲመዝኑ ስትጠይቅ፣ ኦርቪል በንዴት ሁለት ሰጡ። በማግሥቱ ቤታቸው መጣች። «ሦስቱ ነጥብ የት ጠፋ?» አለች። «ወንበሩ ይቆረቁረኛል» አሉ። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ባለ ትራስ ወንበር ተቀምጦ ጠበቃቸው። ኦርቪል ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ሰጡ።

ባለፈው ፀደይ ሮዌና ትልቁን ሐሳቧን ይዛ መጣች። አሥራ ሁለት ልጆች እንደ ድሮው ሰው የእንጨት መንጠቆ ይቀርጹና፣ ባሕር ወርደው በገዛ መንጠቋቸው ሃሊበት ያጠምዳሉ። መንጠቆው ሁለት እንጨት ነው፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከበድ ያለ፣ በዛፍ ሥር ገመድ የተጣመሩ። ዓሣው በሚያየው በኩል ምስል ይቀረጽበታል። ወደ ውኃ ሲለቀቅም ሰው በቋንቋው ያናግረዋል፤ ውረድ፣ ታገል ይለዋል። በደሴቲቱ ላይ ይህ ሲደረግ በዓይናቸው ያዩ ኦርቪል ብቻ ቀርተዋል፤ ልጅ ሳሉ ከአያታቸው ጋር። ስለዚህ በማስተማሩ አላንገራገሩም። ያንገራገሩት በብርቱካንማው የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው።

«ስልሳ ዓመት ያለዚህ ነው የኖርኩት» አሉ።

«ሌላ ስልሳ እንዲጨምሩ ነው» አለችና ዘለበቱን ራሷ ቆለፈችላቸው።

ልጆቹ ሦስት ወር ቀረጹ። ጣት ተቆረጠ፣ እንጨት ተሰበረ። ኔሊ የምትባለው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አራት መንጠቆ ሰብራ አምስተኛውን አቃናች። በመጨረሻው ሳምንት የማኅበሩ ሊቀመንበር ክላይድ ዜና ይዞ መጣ። ፕሮግራሙን የሚደግፈው ድርጅት ከከተማ ሦስት እንግዶች ይልካል፤ ለሦስት ዓመት መቀጠል አለመቀጠሉ በእነሱ አስተያየት ላይ ነው። ዓርብ ውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ይገባሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ሲያጠምዱ ያያሉ፣ ቀትር ላይ ይመለሳሉ። ክላይድ ትልቅ ጀልባ አዘጋጀ፣ ፎቶ አንሺም ጠራ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ኦርቪል ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ደመና ተኝቷል። ወፎቹ ወደ መሬት ተጠግተዋል። ከሩቅ የሚመጣው የማዕበል ትንፋሽ እግራቸው ሥር ያለውን የወደቡን እንጨት ቀስ እያለ ያነሣዋል። ሮዌና አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«እንዴት ነው አጎቴ?»

«አልወደድኩትም።»

«አንሄድም ነው?»

ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። አሥራ ሁለት ልጆች መንጠቋቸውን አቅፈው ተሰልፈዋል። እንግዶቹ አዲስ የዝናብ ልብስ ለብሰዋል። ክላይድ እጁን እያፋተገ ነው።

«እኔ ልጆች ይዤ በዚህ ሰማይ አልወጣም» አሉ።

ሮዌና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ቀጥ ብላ ወደ ክላይድ ሄደች። ኦርቪል ከቆሙበት ሁሉንም ይሰማሉ።

«ትንበያው እኮ ጥሩ ነው ይላል» አለ ክላይድ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሰዎቹ ቀትር ላይ ይሄዳሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሩቅ አንሂድ። እዚሁ ወደቡ አፍ ላይ ዞር ዞር ብለን፣ ፎቶውን ተነሥተን እንመለስ።»

«አጎት ኦርቪል አይሆንም ብለዋል።»

«ሮዌና፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«ለዚህ ነው የጠየቅኋቸው።»

ከዚያ ልጆቹን ሰብስባ ወደ ቅርስ ቤቱ መለሰቻቸው።

የዚያን ቀን የሆነውን ደሴቲቱ በሙሉ ያስታውሳል። ምንም አልሆነም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደመናው ተገፈፈ። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች። ባሕሩ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ዋለ፤ ከዓመት ዓመት ያልታየ ጸጥታ። እንግዶቹ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መንጠቆ አይተው፣ የዓሣ ሾርባ ጠጥተው፣ በሰማያዊው ሰማይ በረው ሄዱ። ኦርቪል መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው እስኪመሽ ነፋስ ጠበቁ። በሕይወታቸው ማዕበል የተመኙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሱቅ ሲሄዱ ሰው አላሳለፋቸውም። «አጎት ኦርቪል፣ ዛሬስ ልብስ ላስጣ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል አንዱ። «ተዋቸው፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ማዕበል ነው ያዩት» ይላል ሌላው። ለእነሱ መልስ አያጡም። የፈሩት ሮዌናን ነው። ሰኞ በራቸውን ስታንኳኳ ነገራቸውን አዘጋጅተው ጠበቋት።

«አጎቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። የኔሊ መንጠቆ ማሰሪያው ላልቶባታል።»

ሄደው አጠበቁላት። ስለ ቅዳሜ ምንም አልተነሣም። በመጨረሻ ራሳቸው አላስችል አላቸው።

«ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሮ ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል» አለች።

ረቡዕ ዕለት ማሞቂያ ጠጋኙ መንገድ ላይ አገኛቸው። እሱ በቧንቧው በኩል የማይሰማው ነገር የለም። ከእንግዶቹ ደብዳቤ መጥቷል አላቸው። ድጋፉ ሦስት ዓመት መሆኑ ቀርቶ አንድ ዓመት ሆኗል። ክላይድ ተናዷል፤ ሐሙስ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በሮዌና ቦታ ሌላ ሰው ስለማስገባት ይነጋገራል።

«እሷ ታውቃለች?» አሉ ኦርቪል።

«ስብሰባውን የጠራችው እሷ ናት እኮ። ቀጠሮ የሚይዝ ሌላ ማን አለ?»

ሐሙስ ኦርቪል የቀብርና የሠርግ ኮታቸውን ለበሱ። ማንም አልጠራቸውም። አምስቱ የኮሚቴ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሮዌና ዳር ላይ ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ኦርቪል ገብተው ቆሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኦርቪል ዊላርድ ስለ ባሕር ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም። በወጣትነታቸው ጀልባቸው ዐለት ላይ ሲወጣ እንኳ ያጠፋው ዐለቱ ነበር። ደሴቲቱ ይህን ለምዶታል።

«ቅዳሜ ሰማዩን ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አስተያየቴ ስሕተት ነበር።»

ክላይድ ብርጭቆውን ሊያነሣ የዘረጋውን እጅ እዚያው አቆመ።

«አጎቴ፣ እርስዎን የወቀሰ ሰው የለም» አለ።

«የመጣሁትም ለዚሁ ነው። የሚወቀሰው ሰው ተምታታባችሁ። እኔ ተሳሳትኩ፤ እሷ አልተሳሳተችም። ያን የመሰለ ሰማይ ነገም ባይ ልጆች ይዤ አልወጣም። ሦስት ወር ሙሉ ልጆቹን ስናስተምር፣ ባሕር የሚያውቅ ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ነው ስንላቸው ነበር። ያን ጠዋት ለፎቶ ብለን ብንወጣ ኖሮ ልጆቹ የሚቀርላቸው ትምህርት እንጨት መቅረጽ ብቻ ነበር። አንተም ክላይድ፣ በእኔ ጀልባ አራት ዓመት ሠርተሃል። ልጅ ሆነህ አይሆንም ስልህ ፎቶ አንሺ ጠርተህብኝ ታውቃለህ?»

ክላይድ ክፉ ሰው አይደለም። መሬት መሬቱን አየ።

«እሷን አነሣችሁ እንበል» አሉ ኦርቪል፣ ወደ በሩ ዞረው። «እኔን ከቤቴ የሚያስወጣኝ ሌላ ሰው ታመጣላችሁ። ይሞክር። አሁን እንደ ድሮው በሬን እቆልፋለሁ።»

ሮዌና ይህንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው። ኮሚቴው ቦታዋን አልነካም፤ አንዱን ዓመት በሚገባ ሥሩበት ብሎ ተበተነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳ አልነበረም፣ ፎቶ አንሺም አልነበረም። በእህታቸው ልጅ ጀልባ ወጡ። ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ካፊያ ይጥላል። ኦርቪል ወደቡ ላይ ትንሽ ቆም ብለው «ይሄ ጥሩ ነው» አሉ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ልጆቹ ተራ በተራ መንጠቋቸውን እያናገሩ ለቀቁ። አንዳንዱ ቃሉን አሳስቶ ለመንጠቆው ደህና እደር አለው። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስተኛውም ተጋመሰ፣ አንድም ዓሣ የለም። ያን ጊዜ የኔሊ ገመድ ተወጠረ።

ሃሊበቱ ትንሽ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሦስት ልጅ ጎተተው። የእህታቸው ልጅ በዱላ መትቶ ጸጥ አሰኘው። ልጅ መጀመሪያ የያዘውን አይበላም፤ ለሽማግሌ ይሰጣል። ኔሊ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ዓሣውን ታቅፋ እየተንገዳገደች ኦርቪል ፊት ቆመች።

ኦርቪል ራሳቸውን ነቀነቁ። በአገጫቸው ወደ ጀልባው ኋላ አሳዩአት። ሮዌና እዚያ ቆማ የልጆቹን ጃኬት ዘለበት ለስምንተኛ ጊዜ ትቈጥራለች።

«ለእሷ» አሉ።

«እሷ ሽማግሌ አይደለችም እኮ» አለች ኔሊ።

«ትሆናለች። ቀድመን እንስጣት።»

ኔሊ ዓሣውን አስረከበቻት። ሮዌና ተቀበለችው። ቁጭ አለች። ሃሊበቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ውኃው በሱሪዋ እየወረደ ወደቡ እስኪታይ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ኦርቪል በስድስት ዓመት ውስጥ ዝም ብላ ያዩዋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልወደዱላትም። ከጀልባው አፍንጫ ላይ ዘወር ብለው ቁጣ ቁጣ በሚል ድምፅ ጠየቋት።

«በይ እንጂ፣ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?»