አየር ለአንድ ሰው

[አሜሪካ፣ ሉዊስ ሴንተር ከተማ፣ ዳኛቸው ሳሎን፣ ከሰዓት በኋላ። ውጭ በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ዳኛቸው ራሱ የፈጠረውን የጠፈር ጨዋታ ቅዳሜ መሃል ከተማ ለሰው ያሳያል። ከመጋዘን ሥራው በቀጥታ የመጣው ያደታ አብሮት ለመጫወት ዛሬ ይፈተናል፤ ከተሸነፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዳኛቸው ያደታ እንደሚሸነፍ ቅንጣት አልተጠራጠረም፤ እሱ ስለ ራሱ ምንም ነገር ተጠራጥሮ አያውቅም።]

ያደታ፦ እሺ፣ ግን መርከቧ የት ነው ፓርክ የምትደረገው?

ዳኛቸው፦ ጠፈር ላይ ፓርኪንግ የለም አልኩህ!

ያደታ፦ እንግዲያው የቅጣት ቲኬትም የለም። ጥሩ አገር ነው።

ዳኛቸው፦ አገር አይደለም! ዘመኑ ሦስት ሺህ ነው፤ ምድር ጠፍታለች፤ ከሰው ዘር የተረፍነው አንተና እኔ ብቻ ነን።

ያደታ፦ ውይ! ባለቤትዎ እትዬ መሰረትስ?

ዳኛቸው፦ ሞታለች!

ያደታ፦ ቅድም ወደ ሥራ ሲወጡ ሰላም ብለውኝ?

ዳኛቸው፦ በጨዋታው ነው፣ አንተ ድንጋይ! ይኸው፣ ሰው ጠፍቶ ከማን ጋር እንደምውል!

ያደታ፦ አይቆጡ ጋሼ። በሉ የሚወረወረውን ዳይስ ይስጡኝ።

ዳኛቸው፦ ዳይስ የለም። ይሄ ድራማ ነው፣ የሚያዋጣው አንደበት ነው። ስማ፤ መርከቧ ውስጥ የቀረው አየር ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንዳችን በዚህ በር [የጓሮውን በር እያሳየ] ወደ ባዶው ጠፈር መውጣት አለብን። የወጣ ሞተ፣ የቀረ አሸነፈ።

ያደታ፦ ጃኬት ይፈቀዳል?

ዳኛቸው፦ የምን ጃኬት! አልቅስ እንጂ! ለምነኝ፣ አታለኝ፣ ክዳኝ! ለነፍሱ የሚታገል ሰው አይተህ አታውቅም?

ያደታ፦ [በሩን ከፍቶ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ] ጋሼ፣ ይቅደሙ።

ዳኛቸው፦ ምን?

ያደታ፦ ታላቅ ነዎት። ይቅደሙ።

ዳኛቸው፦ አንተ ውጣ።

ያደታ፦ እርስዎ ቆመው? በየት አገር!

ዳኛቸው፦ ግድ የለም፣ ውጣ።

ያደታ፦ በእናትዎ፣ አያሳፍሩኝ።

ዳኛቸው፦ ኧረ አንተ ቅደም...

ያደታ፦ እትዬ መሰረት ይሙቱ!

ዳኛቸው፦ እሺ፣ እሺ፤ ይሁን። እግዜር ያክብርልኝ።

[ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየሰርጉና በየለቅሶው ደጃፍ እንደለመደው ትከሻውን ሰበር አድርጎ፣ በነጠላ ጫማ ወጣ። ያደታ በሩን ዘግቶ ቆለፈው። ዳኛቸው በረዶው ላይ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ መታለሉ ገባው።]

ዳኛቸው፦ [መስታወቱን እየደበደበ] ክፈት! እግሬ!

ያደታ፦ [ሶፋው ላይ እየተመቻቸ] ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።

ዳኛቸው፦ አሸንፈሃል! ቅዳሜ አብረን ነን! ያደታ፣ ክፈት እንጂ፣ ትሰማኛለህ?

ያደታ፦ እንዴት አድርጌ እሰማዎታለሁ? አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድም። ይህን እንኳ ሳያውቁ ነው የጠፈር ጨዋታ የሚፈጥሩት?