በሁዳዴ የወደድኳቸው ፎቶዎች

ሰው የሚጠላውን ለመናገር አያፍርም። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ፣ አንዱ ጎመን እጠላለሁ፣ አንዱ አለቃዬን ማየት አልፈልግም፣ አንዱ ብርድ አልወድም ሲል ትሰማላችሁ። የሚወደውን ግን ጠይቁት። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያያል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ንባብ" ይላል። ንባብ! መጽሐፍ ከገዛ ስንት ዘመኑ! የምንወደውን ያወቀብን ሰው የት ጋ ሲነኩን እንደምንስቅ ያወቀብን ይመስለናልና፣ እውነተኛውን ደብቀን ለእንግዳ የሚቀርብ ሌላ እናዘጋጃለን። እናንተስ? ግድ የለም፣ አትመልሱልኝ። እኔም መልሼ አላውቅም ነበር፤ ስልኬ ናት የመለሰችልኝ።

እንጅባራ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ስልኬ ደህና ካሜራ ነበራትና አንድ ሰሞን ፎቶ አንሺነት ለከፈኝ። ዘንገና ሄጄ ሐይቁን ከላይ፣ ከጎን፣ በዛፍ መሐል አነሳሁት፤ ከዚያ የዓለም ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚለጥፍበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ገባሁ። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ጉርድ ፎቶዬን ጨመርኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያንን ረጅም ሕግ፣ እናንተም እንደምታደርጉት፣ ሳላነብ "እስማማለሁ" የምትለዋን ነካሁ። በምን እንደተስማማሁ ያወቅሁት በኋላ ዳንግላ ላይ ነው።

ከየፎቶው ሥር ትንሽ ልብ አለች። ስትነኳት፣ ወይም ፎቶውን ራሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ስታደርጉት፣ ቀይ ትሆናለች፤ ፎቶውም፣ እንግሊዝኛውን ወደ እኛ ስንመልሰው፣ "የወደድኳቸው" በሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባል። እኔ ያንን ዝርዝር የራሴ ኪስ አድርጌ ነበር የማየው። መጽሐፍ ሲያነብ የገጹን ጥግ አጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው ያጠፈውን ለጎረቤት አይናገርም አይደል? በቃ፣ እንደዚያ መስሎኝ ነው።

እንዲህ እንዳለሁ ሁዳዴ ገባ። ራሴን ላሞግስ ፈልጌ አይደለም እንጂ ጾም ላይ ቀልድ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም። ነገር ግን የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ? ያ ብርድ ብቻውን ያስርባል። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ከፊቴ ያለው ደብዳቤ ፊደሉ ሁሉ ጎድን ጎድን ሲመስለኝ፣ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ፎቶ አያለሁ። የሥጋ ፎቶ። ክትፎ፣ ዝልዝል ጥብስ፣ አገሩን የማላውቀው ሰው ፍም ላይ ያጋደመው የበግ ጎድን። አይቼ አይቼ ነፍሴ መለስ ትላለች። በጣም ደስ ያለችኝን፣ ለፋሲካ ትቆየኝ ብዬ፣ ልቧን ነካ አደርጋለሁ። በአፌ አንዲት ጠብታ ቅቤ አልዞረችም፤ ይህን መዝግቡልኝ። በጾሙ አጋማሽ የወደድኳቸው ስልሳ አንድ ደርሰው ነበር።

ዋናውን ነገር ሳልነግራችሁ። እጮኛ አለችኝ፤ ጥሩዓለም ትባላለች፣ ዳንግላ አስተማሪ ናት። አባቷ ጋሽ አያሌው ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰው በሦስተኛው እሺ ያሉት ለመልኬ ብለው አይደለም፤ ለደመወዜማ ጭራሽ። ሽማግሌዎቹ "ልጁ ጾም ያጸናል" ስላሏቸው ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ በተክሊል እንዲሆን ተቆረጠ። የቤታቸውን የነፍስ አባት ቄስ ሞገስን እኔም የነፍስ አባቴ አደረግኋቸው። እንግዲህ ሙሽርነቴ በሙሉ የቆመው በአፌ ጨዋነት ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አንድ ሐሙስ ጥሩዓለም የእጮኛዋን ሙያ ልታሳይ ብላ የዘንገናን ፎቶዎች በስልኳ ለአባቷ ትከፍታለች። ጋሽ አያሌው ሐይቁን አይተው ወደዱት። ከስሜ ጎን ያለችውን ልብ አዩና ይህችስ ምንድን ናት አሉ። እሷም በየዋህነቷ፣ እሱ የወደዳቸው ፎቶዎች እንደሆኑና ማንም ሰው ከፍቶ ማየት እንደሚችል አስረዳቻቸው። ማንም ሰው! ሳላውቅ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ ለካ። ጋሽ አያሌው የአባት ነገር ሆኖባቸው፣ ልጄ ምን ያህል እንደተወደደች ልይ ብለው ልቧን ነኩ። ክትፎ ተቀበላቸው። ቀጥሎ ጥብስ። ቀጥሎ ያ የበግ ጎድን። ወደ ታች ሲሉ ሥጋ፣ አሁንም ወደ ታች ሲሉ ሥጋ፤ ከየአንዳንዱ ሥር ስሜ እስከ አያቴ፣ ቀኑም ከነሰዓቱ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸውና "በጾም፣ ያውም በሥራ ሰዓት" አሉ አሉ።

ዓርብ ጠዋት ተጠራሁ። ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ስምንት ሰዓት ላይ ዳንግላ ደረስኩ። ስምንት ሰዓት! ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በዚህ ሰዓት እንኳን ሰው ከሰው፣ ሰው ከራሱም አይስማማም።

በረንዳው ላይ ጥሩዓለም ጠበቀችኝ። ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተናገረችም። "ስልሳ አንድ ነገር ወደህ እኔ አንዱ ላይ እንኳ የለሁበትም?" አለችኝ። አንቺን ለፋሲካ ማቆየት አላስፈለገኝም ልላት ነበር፤ ደግነቱ ምላሴን ያዝኩ። እናቷ እትዬ ስመኝ ከደጅ ሆነው በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። እኔ አዊኛ አልችልም፤ የለየሁት ስሜንና ሳቃቸውን ብቻ ነው። ጥሩዓለም ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ቀናሁባቸው። የእነሱን ምስጢር ቋንቋቸው ይጠብቅላቸዋል፤ የኔ ግን እንደ ብቅል ዓለም ፊት ተሰጥቷል።

ጋሽ አያሌው ከቄስ ሞገስ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀበሉ። ነገሩንም አሳጠሩት። ቄስ ሞገስ ገድፏል ካሉ ሰርጉ ቀረ፤ አልገደፈም ካሉ ያኔ እንነጋገራለን። ቄስ ሞገስም ወደ ጓዳ ይዘውኝ ገብተው በሩን ዘጉ።

በአፌ ምንም እንዳልገባ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት፣ ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንም እንደሚጾም አስተማሩኝና አርባ ስግደት ሰጡኝ። አርባ ስግደት ለስልሳ አንድ ሥጋ! እንዴት ያለ ርካሽ ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። ለመጀመር ነጠላዬን ሳደገድግ "ቆይማ" አሉኝ። የጥፋቱን መጠን በዓይናቸው ሳያዩ መፍረድ ተገቢ እንዳልሆነ ገለጹልኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

አንደኛውን አይተው እግዚኦ አሉ። ሁለተኛውን አይተው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። አምስተኛው ላይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አሥረኛው ላይ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያ የበግ ጎድን ሲመጣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። "ጾም የላቸውም?" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ስልሳ አንዱ ሲያልቅ አላቆሙም። ገጹ "ይህንንም ይወዱት ይሆናል" እያለ ወደሚያመጣቸው ተሻገሩ። እዚያ ላይ አንድ የሽንጥ ጥብስ መጣ። በሸክላ፣ ከነጭሱ፣ ቃሪያው ከላይ ተጋድሞ። ቄስ ሞገስ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አቅርበው ለማየት ይሁን ለሌላ፣ በአውራ ጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ልቧ ቀላች። ስልሳ ሁለት።

ከሳሎን የጥሩዓለም ስልክ ጮኸች። ከትናንት ወዲህ የኔን ገጽ መከታተል ጀምራለች፤ አንድ ነገር በወደድኩ ቁጥር ይነገራታል። ወዲያው በሩ ተበረገደና ጋሽ አያሌው ስልኳን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ጥሩዓለም። የኔ ስልክ በምን ፍጥነት ከቄስ ሞገስ እጅ ወደ እጄ እንደተመለሰች እስከዛሬ አይገባኝም። ጋሽ አያሌው ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠጉ። "ንስሐ ላይ?" አሉኝ። "እዚሁ፣ የነፍስ አባትህ ፊት?"

ቄስ ሞገስን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ቤት ሰዎች ጥፋት ሰምተው አንዲት ቃል ያላወጡ ሰው ናቸው። እውነቱን ብናገር ሰርጌ ይተርፋል፤ እሳቸው ግን ሁለተኛ በዚህ ቤት ቀና ብለው አይገቡም። የጥሩዓለም ዓይን ውኃ ሞልቷል። ያን ጊዜ ሳቄም ቀልዴም ጠፋ፤ ላጣት ነው።

"አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ አያሌው ወደ ቄሱ ዞረው እንግዲህ በጆሮዎ ሰምተዋል አሏቸው። ቄስ ሞገስ መቋሚያቸውን አነሱ፣ መልሰው አስደገፉት።

"ሰምቻለሁ" አሉ። "ልጅህን ስጠው አያሌው። ይህ ልጅ ሸክም ይችላል።"

ጋሽ አያሌው ግራ ገባቸው። ቅጣቱስ? አሉ። ቄስ ሞገስ ያኔ ነጠላቸውን እያደገደጉ ነበር። "አርባ ነው። ሃያውን እሱ ይሰግዳል፣ ሃያውን እኔ" አሉና ቀድመውኝ ወደቁ። ጎን ለጎን ስንሰግድ ጋሽ አያሌው በሩ ላይ ቆመው እንባቸውን ጠረጉ። ለበደለኛ ልጁ ሲል የሚሰግድ አባት! በማግስቱ ዳንግላ ውስጥ ይህንን ያልሰማ አልነበረም። እኛም ስግደቱን ስንጨርስ ዘጠኝ ሆኖ ነበርና፣ እትዬ ስመኝ ያቀረቡትን ሽሮ ማንም ለማንም ሳያጎርስ፣ ቀና ሳንል በላነው።

ፋሲካም መጣ፣ የሽንጥ ጥብስም በላሁ፤ ከፎቶው ያንሳል። ተጋባን፤ ከሰርጉ ማግስት ቁጭ ብዬ ዝርዝሬን አጸዳሁ፤ ስልሳ አንዱን ቀይ ልብ አንድ በአንድ አጠፋሁ። አሁን ስሜን እስከ አያቴ የሚያውቅ ሰው ገጹን ቢከፍት፣ እኔ በዚህ ዓለም ላይ የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዓርብ በስምንት ሰዓት፣ በሁዳዴ የተወደደ የሽንጥ ጥብስ። ጥሩዓለም አልፎ አልፎ ትከፍተውና ይህችን ለምን ተውካት ትለኛለች። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ገጹን እዘጋዋለሁ። የኔ ያልሆነችውን በምን ሥልጣን ላጥፋት?