ሳልሰማ ያልኩት አሜን

ያቺን ቪዲዮ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ።

አዎ፣ እሷን! ቡታጅራ አንድ አዳራሽ በር ላይ ድንጋይ ተሸክማ ዩኒፎርም በለበሰች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ፊት የተንበረከከችውን ሴትዮ። «ቲቸሯ ምን አጥፍታ ነው?» እያላችሁ ስትስቁ ያመሻችሁባትን።

እኔ ነኝ!

በቃ፣ ተናገርኩ፣ ቀለለኝ። አሁን ደግሞ ሳትፈርዱ ስሙኝ፤ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ይሄን የምጽፈው እንኳ ከግድግዳ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነው። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቡኢ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያም የምመራው እኔ ነኝ። ልጆቼ ስልክ ላይ ያላዩት ጉድ የለም። ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሲተውን ግን አንዳቸውም አይተው አያውቁም።

ከወልቂጤ የመጣ የቲያትር ቡድን ዛሬ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ቡታጅራ ላይ እንደሚያሳይ ስሰማ ዳይሬክተራችንን ለመንኩት፣ ጨቀጨቅኩት፣ አሰለቸሁት። በመጨረሻ «አርባ ልጅ ይዘሽ ትወጫለሽ፣ አርባ ልጅ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ አስራ አንድ ሰዓት!» ብሎ አስፈረመኝ። አንዲት ነገር ብትጎድል ሁለተኛ ጉዞ የሚባል እንዳላነሳበትም ነገረኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቹን አዘጋጀሁ። ማስቲካ የለም። ማውራት የለም። ስልክ የሚባል በፍጹም የለም! «መድረክ ላይ የሞተ ሰው አይሞትም፣ ያለቀሰም አያለቅስም። ውሸት ነው፤ ግን የተከበረ ውሸት ነው» አልኳቸው።

እንዴት ያለች ጎበዝ መምህርት!

ከልጆቹ መሃል ትዕግስት የምትባል አለች፤ የሚኒ ሚዲያችን ዜና አንባቢ። ታላቅ ወንድሟ ምስጋናው በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ቆይቷል። መጀመሪያ ከሞያሌ ደወለ፣ ከዚያ ከኬንያ። አሁን ድምፁ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው። እናቷ ስልኩን ማንሳት ስለፈሩ ትዕግስት ናት ይዛው የምትዞረው። ለመተኛት እንኳ ከእጇ አታወጣውም።

አዳራሹ በር ላይ ስልክ ስሰበስብ እሷ ጋ ደረስኩ።

«ቲቸር፣ ወንድሜ ከደወለስ?»

«በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ይመጣል? ደንብ ደንብ ነው፣ አምጪ» አልኳት። ስክሪኑን አንዴ አይታ ሰጠችኝ። ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ይሄን አስታውሱልኝ።

አዳራሹ የድሮ የስብሰባ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ሸፍነዋቸዋል፤ ውጭ ፀሐይ እየፈጀ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ይበርዳል። ልጆቹን ከፊት ደርድሬ እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሁሉንም ከዚያ አያለሁ፤ ከኋላዬ ደግሞ ግድግዳ ብቻ ነው።

ግድግዳ ብቻ ነው ብያለሁ!

መጋረጃው ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እርሻችሁ ይለምልም!»

አርባው ልጅ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። «አሚን!» ያሉም ነበሩ።

እኔ አላስተማርኳቸውም። ማን ያስተምራል? እኛ አገር ሽማግሌ እጁን ከዘረጋ አፋችን ፈቃድ አይጠይቀንም።

«ጓሯችሁ በእንሰት ይሙላ!» «አሜን!» «ላማችሁ ትውለድ!» «አሜን!» ተዋናዩ ደስ አለው መሰለኝ ከጽሑፉ ውጭ ሁሉ መመረቅ ጀመረ። እኔም ከኋላ ሆኜ አሜን፣ አሜን እያልኩ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱስ ብርቃችን አይደለም። አንድ ሰው ከመድረኩ ሥር የስልክ ባትሪ አበራና ቲያትሩ ቀጠለ። ብርሃኑ ግን ከታች ወደ ላይ ነበር። የሽማግሌው ጥላ ጣሪያውን ሞላው፣ ዓይኖቹ ያሉበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ሆነ። ልጆቹ ተጠጋጉ።

እና እኔ፣ ስልክ ሰብሳቢዋ፣ ምን ሳደርግ ነበር?

ፖስት እያደረግኩ! «ልጆቼ የመጀመሪያ ቲያትራቸውን እያዩ ነው፣ ኮራሁባቸው» ብዬ ከሦስት ልብ ጋር። አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ የመድረኩ ልጅ ሻንጣ አንግቦ ሲገባ አላየሁም። ሽማግሌው አባቱ «አትሂድ» ሲለው፣ እሱም ጀርባውን ሲሰጥ አላየሁም። ጆሮዬ የያዘው ዜማውን ብቻ ነው፤ ያው የምርቃቱ ዜማ፣ ያው የተዘረጋ እጅ።

«የሄድክበት መንገድ አይመልስህ!»

«አሜን!»

ቀድማ ያለችው እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ! አርባው ልጅ ተከተለኝ።

«የእናትህን ደጅ ዳግም አትይ!»

«አሜን...»

ይሄኛው ግማሽ ድምፅ ነበር። ግማሹ አፍ መሃል ላይ ነቃ፣ ግማሹ ሳያውቀው አመለጠው። ቀና ስል ተዋናዩ ራሱ እጁን እንደዘረጋ ደርቋል፤ የሚቀጥለው ቃል ጠፍቶበታል። አዳራሹ ፀጥ አለ።

በዚያ ፀጥታ ውስጥ አንድ ሰው፣ ዘግይቶ፣ ረጋ ብሎ፣ «አሜን» አለ።

ከኋላዬ።

ዞር አልኩ። ግድግዳው ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ ይቀዘቅዛል። ሌላ ምንም የለም።

ፊቴን ስመልስ ከልጆቹ መሃል አንዷ ቆማለች። መድረኩን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። ትዕግስት ናት።

«ቲቸር፣ እኔም አልኩ።»

ወገኖቼ፣ ብዙ ቦታ አፍሬ አውቃለሁ። ሠርግ ላይ ተሰናክዬ ሙሽራ ላይ ወድቄአለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ግን ምንም አንጀቴን በልቶት አያውቅም።

ቲያትሩ እዚያ ላይ ቆመ፣ ሁላችንም ውጭ ወጣን። ፀሐይ ላይ ስንቆም ነገሩ የሚቀል መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ግን አውቶቡሱን ከበው ቆሙ፤ የሚሳፈር ጠፋ!

«ልጆች! ውሸት ነው ተባብለን አልነበር?»

ከመሃላቸው አንዱ «ቲቸር፣ እሱ ነው የተወነው። እኛ አሜን ስንል አልተወንም» አለኝ።

እስቲ መልሱልኝ!

ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። ለካ እሱም በነፃ ለማየት ገብቶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አሜን ሲል ነበር! «ቲቸር፣ እኔ በገዛ አፌ መንገዴን ረግሜ መሪ አልጨብጥም። ሦስት ልጆች አሉኝ» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ተዋናዩ ሮጦ መጣ። ጢሙ ጥጥ ነው፤ በአንድ ጎን ተላጦ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌ የተባለው ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው! «እህቴ፣ ስክሪፕት ነው፣ ወላዲተ አምላክን!» ይለኛል። «ልምምድ ላይ አሜን ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ።

ልጆቹን ሊመርቅ እጁን ሲዘረጋ «አንተ ሽማግሌ አይደለህም!» ብለው ጮሁበት። ጢሙን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ጥጉን ያዘ።

ትዕግስት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

በዚህ መሃል ጋሽ ሸምሱ፣ የአዳራሹ ዘበኛ፣ ከመስጊድ ተመለሱ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ምነው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጣችሁ?» አሉ። ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

አልሳቁም።

«እርግማኑስ ጨዋታ ነው፣ ባለቤት የለውም» አሉ። «አሜኑ ግን የማን ነው? ማነው ቀድሞ ያለው?»

አርባ ራስ ወደ እኔ ዞረ! ሹፌሩን ስትጨምሩ አርባ አንድ።

«እንግዲያ ያለው አፍ ያንሳው። የተጎዳችው ደግሞ ይቅር ትበል» ብለው የአዳራሹን በር ደግፎ ወደያዘው ድንጋይ አመለከቱኝ። እኔ ቀስ ብዬ ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ላነሳ ስል በከዘራቸው መለሱኝ።

በድሮ ጊዜ ሰው አጥፍቶ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ በወሬ ነው የማውቀው። ዲግሪ አለኝ! የጉዞው ቀሚሴ አዲስ ነው! ግን ትዕግስትን አየሁና ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ኮረቱ ላይ ተንበረከክሁ። ከበደኝ። ያን ሁሉ ሰዓት የተከበረ ውሸት ስል የነበርኩት ሴትዮ የእውነት ፈራሁ።

«ትዕግስት፣ ሳልሰማ አሜን አልኩ። አንቺንም አስከተልኩሽ። ቃሌን አንስቻለሁ። ወንድምሽን የሄደበት መንገድ ይመልሰው። ይቅር በይኝ።»

ድንጋዩ እየባሰበት ከበደኝ። ይሄ ሁሉ ሲሆን መድረክ ላይ የተረገመውን ልጅ የተወነው ወጣት ቆሞ ይቀርጸኛል! እሱን ልጅ... ተዉት፣ ዛሬ እርግማን በቃኝ።

በመጨረሻ ትዕግስት አፏን ከፈተች።

«መጀመሪያ ስልኬን ይስጡኝ።»

ቪዲዮው ላይ በአንድ እጄ ድንጋይ ይዤ በሌላው ቦርሳ ስበረብር ያያችሁት ይሄን ነው። ሰጠኋት። አየችው። ሚስኮል የለም። ፊቷን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገችና መጥታ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ በሁለት እጇ አነሳችልኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይነሱ ቲቸር።»

ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ። «የሄደውን መንገዱ ይመልሰው! ደጁን ያሳየው!»

ማንም ወዲያው አሜን አላለም። አርባው ልጅ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ እርስ በርስ ተያየ፣ አሰበበት፣ ከዚያ ነው «አሜን!» ያለው። እንደ አስተማሪ የኮራሁባት ብቸኛዋ ደቂቃ ያቺ ናት።

አሁን ቪዲዮውን መልሳችሁ ክፈቱና ኢርፎን አድርጉ።

ከሁሉም አሜን በኋላ፣ ክፍት ከሆነው በር ውስጥ፣ ከጨለማው፣ አንድ አሜን አለ። ዘግይቶ፣ ረጋ ብሎ። አስራ አንድ ጊዜ ሰማሁት።

ጋሽ ሸምሱን እዚያው ጠይቄአቸው ነበር፤ «ቅድም ከኋላዬ አሜን ያሉት እርስዎ ነዎት?» ብዬ። «ወላሂ፣ እኔ ሶላት ላይ ነበርኩ። ሁላችሁም ደግሞ ይሄው ውጭ ናችሁ» አሉኝና በሩን ጎተት አድርገው ዘጉት። ድንጋዩን በእግራቸው ገፍተው በሩ ላይ አስደገፉት፤ ከውጭ በኩል።

ቡኢ የደረስነው አስራ አንድ ከአርባ ነው። ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሟል። ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አርባ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አሳየኝ። ከእኛ ቀድሞ ደርሷል! «ትምህርታዊ ጉዞው እንዴት ነበር?» አለኝ። ድንጋይ የነካውን ቀሚሴን አራግፌ «ትምህርታዊ» አልኩት።

ትዕግስት ስትሰናበተኝ «ከደወለ ሚስኮል አደርግልዎታለሁ» አለች።

ስልኬ ፊቴ ነው። ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሏል። እስካሁን አልጮኸም።

አያችሁ አይደል ትምህርቴን? አርባ ስልክ የሰበሰብኩ ሴትዮ አርባ አንደኛውን፣ የራሴን፣ ረሳሁ። እናንተም ብትሆኑ እዚህ ሰፈር ፎቶ ባያችሁ ቁጥር ሳታነቡ አሜን የምትጽፉ አመለኞች ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ ከእናንተ ነው የተማርኩት! ዛሬ ግን አመላችሁን እፈልገዋለሁ።

የትዕግስትን ወንድም፣ ምስጋናውን፣ የሄደበት መንገድ በሰላም ይመልሰው። የእናቱን ደጅ ያሳየው።

በሉ፣ ኮመንት ላይ። ግን በናታችሁ፣ መጀመሪያ አንብቡት።