ከጉልበቴ ያላለፈ ቀይ ባሕር

ወገን፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ምሳዬ ላይ፣ ከሞትኩ ሃምሳ ምናምን ዓመት እንዳለፈኝ ተነገረኝ!

አትሳቁ። ደክሞኛል። ይህንን የምጽፈው እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ነው።

የነገረኝ ደግሞ ሐኪም አይደለም። የልጅ ልጄ የቅድስት እጮኛ ነው። ዳዊት ይባላል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ ሸጋ ልጅ ነው። ዛሬ ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ምሳ ሊበላ ጎንደር መጣ።

ቅድስት አርፋ አትቀመጥ! "አባባ፣ ያንን የባሕር ታሪክህን ንገረው!" አለች።

እዚህ ፔጅ ላይ የምትከታተሉኝ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ከፈረንጆች ጋር ስሜን ተራራ ወጥቼ ዋልያ አይቼ፣ ከዚያ ምፅዋ ወርጄ ቀይ ባሕር ውስጥ በአየር ታንክ ጠልቄ... ስንቴ ፖስት አድርጌዋለሁ! ስንት ላይክ ለቅሜበታለሁ!

ነገርኩት። ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ነገርኩት። መጨረሻ ላይም እንደ ሁልጊዜው፣ "ከባሕሩ ወጥተን፣ ልብሳችን ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን አሥመራ ገብተን ሻይ ጠጣን" ብዬ ዘጋሁ።

ዳዊት የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው።

"አባባ፣ በዚያው ቀን ነው አሥመራ የወጣችሁት?"

"በዚያው ቀን!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ስንት ሜትር ነበር የጠለቁት?"

"ሠላሳ!" ማን ይለካኛል ብዬ ነዋ።

ልጁ ለካ ጠላቂ ነው! ወደብ ላይ እንጀራው እሱ ነው! አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ አይነግረኝም?

"አባባ፣ ከዚያ ጥልቀት የወጣ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ሳያርፍ ተራራ አይወጣም። ደሙ ውስጥ የገባው አየር፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ አረፋ ይሆናል። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ..." አለና አፈረ። "እንደሚሉት ከሆነ እኮ አሥመራ በሕይወት አይደርሱም ነበር።"

ምን ልበል? ሞቻለሁ ልበል?

በዚህ ዕድሜ አዲስ ውሸት መፍጠር ያደክማል። አሮጌውን መሸከምም ታከተኝ። እዚያው ማዕዱ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለእናንተም ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

እውነቱ ይኸው። ቀይ ባሕርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ቆዩ እንጂ፣ ገና አንፎሎው አታድርጉኝ!

ያኔ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከተማውን ሁሉ ያስደንቅ ነበር፤ ከተማው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ።

አንድ ቀን ፒተር የሚባል ፈረንጅ ከሚስቱ ጋር መጣ። በአንድ ጉዞ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ስሜን ላይ በእግር እየሄዱ ዋልያና ጭላዳ ማየት፣ ደግሞ ምፅዋ ወርደው ባሕር ውስጥ መጥለቅ። ፕሮግራም የሚያወጣላቸው፣ በቅሎ የሚፈልግላቸውና የሚያስተረጉምላቸው ሰው ይሻሉ።

"መጥለቅ ትችላለህ?" አለኝ ፒተር።

"በየዓመቱ እጠልቃለሁ!" አልኩት።

አልዋሸሁም እኮ! በየጥምቀቱ እዚህ ጎንደር ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ ከጎረምሳው ጋር እዘላለሁ። ውኃው እንደተባረከ ዘልዬ እገባለሁ፣ ጓደኞቼ እጅና እጄን ይዘው ጎትተው ያወጡኛል። እኛ ዘንድ መጥለቅ ማለት ይኸው ነው። ስለ ዋና ማን ጠየቀኝ?

ፕሮግራሙን ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በታይፕ፣ በካርቦን፣ በሁለት ቅጂ! ስንት በቅሎ፣ ስንት ድንኳን፣ በሚካኤል ዕለት በቅሎ የሚጭን ስለማይገኝ ያን ቀን ዕረፍት፣ ረቡዕና ዓርብ ለፈረንጆቹ ዶሮ የሚያርድ ስለማይኖር ያን ቀን ቆርቆሮ ሥጋ... ምን ያልጻፍኩት አለ?

መጀመሪያ ባሕር፣ ከዚያ ተራራ ብዬ ነበር ያወጣሁት። ምነው ብትሉኝ፣ የቋመጥኩት ለባሕሩ ነዋ! ተራራማ ሞልቶናል።

ፒተር በቀይ እርሳስ ሰረዘው። ተራራው ይቅደም፣ ባሕሩ ይከተል አለ። ለምን እንደሆነም ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ስለ ደም አወራ፣ ስለ አየር አወራ፣ አረፋ የሚተፋ ጠርሙስ ሣለልኝ። እኔ "የስ፣ የስ" እያልኩ የማስበው ባሕሩ ዳር ስለምነሣው ፎቶ ነበር።

ያን ቀን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምሳዬን በሰላም እበላ ነበር!

እናቴ ስትሰማ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ዓይኗን ያማታል፤ እያደር ይደክማል፣ ያለ ምክንያት ያነባል። ያልሄደችበት ጠበል አልነበረም። ቦርሳዬን ስሸክፍ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሙሴ የከፈለው ባሕር ነው አይደል?"

"እሱው ነው እማዬ።"

"እንግዲያ አንድ ጠርሙስ አምጣልኝ። ዓይኔን ልታበስበት። ሌላ ምንም አልልህም ልጄ።"

ሌላ ምንም አላለችኝም። ሰፈሩ ወጥቶ መርቆ ሲሸኘኝ፣ እሷ ባዶ የአረቄ ጠርሙስ አጥባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ደባርቅ ድረስ በማኪና ሄድን፣ ከዚያ በበቅሎ። በቅሎ ጫኛችን አያ ታፈረ የሚባሉ፣ ድብ ባሕር ከሚባል መንደር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ፈረንጆቹ ታንኮቻቸውን ደባርቅ ትተው መሄድ ስላላስተማመናቸው እነሱም ይጫኑ አሉ።

"ምንድን ነው ያለበት?" አሉኝ አያ ታፈረ፣ አንዱን ታንክ አንሥተው ክብደቱ ሲያጎብጣቸው።

"አየር ነው። ነፋስ።"

ወደ ተራራው ቀና አሉ። ነፋሱ ጋቢያቸውን ሊነጥቃቸው ይታገላል።

"ምነው፣ ስሜን ላይ ነፋስ አልቋል አሏቸው?"

ዘጠኝ ቀን ነፋስ ጭነን በነፋስ መሐል ሄድን! ዋልያውን አየነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እሱም አየን። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ዞር ብለው አላዩንም። ፈረንጆቹ ከደስታ ብዛት እንባ አቀረሩ። እኔ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ጫፍ ላይ በወጣን ቁጥር ባሕሩ ይታይ እንደሆነ አማትር ነበር።

አይታይም። ያ ድካም እስከ ዛሬ የለቀቀኝ አይመስለኝም።

ከተራራው ወርደን፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ተጠማዝዘን ዛሪማ ደረስን። አያ ታፈረም ገበያ አለኝ ብለው ማኪናው ላይ አብረውን ወርደዋል። ቆላ ነው፣ ይሞቃል። ፒተር ወንዙን ሲያይ ማኪናውን አቆመ።

"ባሕር ከመድረሳችን በፊት አንድ ጊዜ ስትጠልቅ ልይህ" አለኝ። ቴስት መሆኑ ነው!

ጀርባዬ ላይ ታንክ። ወገቤ ላይ ወደ ታች የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረት መቀነት። ዓይኔ ላይ መስታወት። እግሬ ላይ የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ። ዕለቱ ደግሞ የገበያ ቀን! በርበሬ ሻጯ፣ ፍየል ነጂው፣ ሁሉም የያዘውን ትቶ ወንዙ ዳር ተኮለኮለ።

እኔም ኮራሁ። ገባሁ።

ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሄድኩት። ጎማውን ድንጋይ ያዘው። በፊቴ ተደፋሁ። ታንኩ ከላይ ተጫነኝ፣ መተንፈሻው ከአፌ ወጣ፣ ውኃው በአፍንጫዬ ገባ። አበቃልኝ አልኩ። እጄን አወራጨሁ፣ እግሬን አወራጨሁ፣ ጮኽኩ፤ ጩኸቴ አረፋ ሆኖ ቀረ። የእናቴ ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ከላይ የአያ ታፈረ ድምፅ መጣ።

"ምነው ልጄ? ቁም እንጂ! ውኃው እኮ ከጉልበትህ አያልፍም!"

ቆምኩ።

ከጉልበቴ አላለፈም።

ዛሪማ ሳቀ። ወገን፣ ገበያ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ ሲስቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት ሴት ጭራሽ እልል አለች!

ፒተር አልሳቀም፤ እሱ ይብሳል። ዕቃውን አንድ በአንድ ፈታልኝ። ሚስቱ ፎጣ ደረበችልኝና፣ "ግድ የለም፣ አብረኸን ና። አትጠልቅም፤ ዳር ቁጭ ብለህ ታየዋለህ" አለችኝ።

ዳር ቁጭ ብዬ ባሕሩን ላይ! ጠርሙሴን ልሞላ!

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? "አይ፣ ጎንደር ሥራ አለብኝ።"

ኩራቴ እራቴ! ሱሪዬ እየተንጠባጠበ እንኳ ኩራቴ እራቴ! ማኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። እኔ ዛሪማ ቀረሁ።

ወዲያው ጎንደር እንዳልመለስ ሰፈሩ መርቆ ከሸኘኝ ገና አሥረኛ ቀኔ ነው። በየት በኩል ልግባ? ድብ ባሕር አያ ታፈረ ቤት ሦስት ሳምንት ተደብቄ እህላቸውን አጨድኩ። ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉኝ፤ አንድ ቀን እንኳ "ቁም እንጂ" አላሉኝም። ፊቴ በፀሐይ ጠቆረ፣ ባሕር የከረመ ሰው መሰልኩ።

ጠርሙሱ ግን ባዶ ነው።

ዛሪማ ገበያ ተመልሼ አሞሌ ጨው ገዛሁ። ጠርሙሱን ከዚያችው ከሰመጥኩባት ወንዝ ሞላሁት። ችግሩ፣ ባሕር ምን ያህል ጨው ጨው እንደሚል አላውቅም! ለወጥ የሚበቃውን ፈርፍሬ ጨመርኩ። ባሕር ከወጥስ አያንስም ብዬ ደገምኩ።

እናቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ሳመችው። የነጠላዋን ጫፍ ነክራ ዓይኗን አበሰች።

"ውይ! ይቆጠቁጣል!"

"እንዴት አይቆጥቁጥ!" አለች እየሳቀች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። "ፈርዖንን ያሰጠመ ውኃ!"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጎረቤቱ ከቦኝ "ባሕሩ እንዴት ነው?" ይለኛል። ጀመርኩላቸው። ከዚያማ ማን ያቁመኝ? ሠላሳው ሜትር፣ ዓሣው፣ የአሥመራው ሻይ፣ ሁሉም በየዓመቱ የተጨመረ ነው።

ለነፍስ አባቴ ግን ነገርኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቃቸውን እየያዙ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። "ለእናትህ እውነቱን እስክትነግራት ድረስ በየዓርቡ አርባ ስግደት" አሉኝ።

ቀላል ነው አይደል? አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መገላገል!

እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰገድኩ። እሷ ደግሞ ታየኝና ለጎረቤት፣ "ልጄ ባሕሩን ካየ ወዲህ መንፈሳዊ ሆነ" ትላለች!

ጠርሙሱን ከሥዕሉ ሥር አስቀምጣ፣ በፋሲካ በፋሲካ ጠብታ ጠብታ እያደረገች ዓይኗን ታብስበት ነበር። ውኃው ሳያልቅ እሷ ሞተች። የነፍስ አባቴም ተከተሏት። እንግዲህ የምነግራት የለች፣ የሚፈቱኝ የሉ። እስከ ዛሬ እሰግዳለሁ። ጉልበቴ እንዲህ የሆነው በእርጅና እንዳይመስላችሁ!

ይህንን ሁሉ ዛሬ ምሳ ላይ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ዳዊት እኔን ያዋረደኝ መስሎት አቀርቅሯል። ቅድስት ግን፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ ነው የምታስተምረው፣ ድንገት ቀና አለች።

"አባባ፣ ጨዉ አሞሌ ነበር ያልከው?"

"አሞሌ። ምነው?"

"አሞሌ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከአፋር በረሃ ነዋ።"

"እሱ በረሃ እኮ ድሮ ባሕር ነበር። ቀይ ባሕር ገብቶበት፣ መግቢያው ተዘግቶ፣ ውኃው ደርቆ ነው ጨው የሆነው። አሞሌው ራሱ ቀይ ባሕር ነው፣ አባባ።"

እጄ ሞሰቡ ላይ ቀረ።

እናቴ ዓይኗን ያበሰችው በቀይ ባሕር ነበር። ይዤላት መጥቼ ነበር! ከሁለታችን ባሕሩን ያላገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አለቀስኩ፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ። ዳዊት ጅቡቲ ወስጄ ባሕሩ ዳር አስቀምጥዎታለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን ጎንደር ምንም ሥራ የለብኝም።

ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ውኃው እውነተኛ ከነበረ፣ ያ ሁሉ ዓርብ፣ ያ ሁሉ ስግደት ለምን ነበር? ይህንን ጉልበት ማን ይመልስልኛል? ወይስ ስግደቱ ለውኃው ሳይሆን ለምላሴ ነበር?

ነገ ደግሞ ዓርብ ነው።

ልስገድ ወይስ ልተኛ? የሚፈታኝ ካህን ስለሌለ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ ጉልበቴ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው።